ድምፅን መጠምዘዝና መግራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

በሥራ ቀን ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግና ስብሰባ ላይ ድምፅ እቆጣጠራለሁ። ስለዚህ ድምፅ የሚባል ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። ሰሞኑን «ድምፅ የሚጠመዝዝ ሳህን ተሠራ» የሚል ቪዲዮ ተማሪዎቼ ስልክ ላይ ገብቶ ጠያቂው በዝቷል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችም፣ ሰርግ ደጋሾችም ጠይቀውኛል። አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥምዝ ድምፅ ሲባል ምን ማለት ነው?

ተራ ድምፅ ከስፒከር ሲወጣ አየሩ ይጨመቃል፣ ይላላል፣ እንደገና ይጨመቃል። ጭምቁ እየተከታተለ ወደፊት ይሄዳል። ስፒከሩ ፊት ለፊት ስምንት ማይክ በክብ ብትደረድሩ፣ ጭምቁ ስምንቱም ጋ እኩል ይደርሳል።

ጥምዝ ድምፅ ላይ እንዲህ አይደለም። ጭምቁ መጀመሪያ አንደኛው ማይክ ጋ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ጋ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ጋ። ስምንተኛው ጋ ደርሶ ሲያልፍ፣ አንደኛው ጋ አዲስ ጭምቅ ይመጣል። ሞገዱ ወደፊት እየተጓዘ፣ በዚያው በመሃል መስመሩ ዙሪያ ይሽከረከራል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። አየሩ ራሱ እንደ አውሎ ነፋስ አይዞርም። የሚዞረው የጭምቁ ቦታ ነው።

በአንድ ቅጽበት በክቡ ላይ አንድ ጭምቅ ብቻ ካለ የጥምዘት ቁጥሩ 1 ነው። ሁለት ካለ 2፣ ሦስት ካለ 3። አዟዟሩ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ከሆነ ቁጥሩ በመቀነስ ይጻፋል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደታች ይጠቅማል።

መሃሉ ለምን ዝም ይላል?

መሃል ላይ የቆመ ማይክ ከክቡ ሁሉ እኩል ይርቃል። አንዱ ጎን ጭምቅ ሲልክለት ተቃራኒው ጎን ልል ይልካል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ቁጥሩ 2 ሲሆን ተቃራኒ ጎኖች ይስማማሉ፤ ግን ሩብ ዙር ላይ ያሉት ያጠፏቸዋል። ውጤቱ ያው ነው፤ መሃል ላይ ዜሮ። የጥምዘት ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዝም ያለው ቦታ ይሰፋል።

ዜሮ ስል ጥሩ ስፒከር ተጠቅማችሁ፣ ሜዳ ላይ ሆናችሁ ነው። ክፍል ውስጥ ግድግዳው የመለሰው ድምፅ መሃሉን ይሞላዋል።

ጆሮ ይለየዋል? ዘፈን በዚህ ቢለቀቅ ይለያል ወይ?

አይለይም። ጆሮ አንድ ነጥብ ላይ ያለውን ግፊት ነው የሚሰማው። ጥምዘቱ ያለው በነጥቦች መካከል ነው። ጭንቅላታችሁን ስታንቀሳቅሱ ከፍና ዝቅ ይልባችሁ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁ። ትዝታም በሉት ባቲ፣ ቅኝቱ ያው ነው።

ማን አገኘው?

መነሻው ደስ ይላል፤ ከበረዶ ነው የመጣው። በ1970ዎቹ የአንታርክቲካን በረዶ ውፍረት ለመለካት የሬዲዮ ሞገድ ወደታች ይላክና የሚመለሰው ይመዘገብ ነበር። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ናይና ማይክል ቤሪ የሚመለሰው ሞገድ ለምን እንግዳ ነገር እንደሚያሳይ ለመረዳት ቤተ ሙከራ ውስጥ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ፣ ሞከሩት። በ1974 ባወጡት ጽሑፍ ሞገድ ውስጥ «የተቆረጡ» መስመሮች እንዳሉ አሳዩ። በእነዚያ መስመሮች ላይ ሞገዱ ዜሮ ይሆናል፤ ዙሪያውን ደግሞ ይጠማዘዛል።

ብርሃን ላይ ነገሩ በ1992 በሌስ አለንና ባልደረቦቹ ሥራ ገነነ። ድምፅ ላይ ብራያን ሄፍነርና ፊሊፕ ማርስተን በ1999 ሆን ብለው ጥምዝ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። የፈለጉት ውሃ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን ፊት ለፊት ለማስተካከል ነበር። መሃሉ ዝም ስለሚል፣ ዝምታው የት እንዳለ ካገኛችሁ የሞገዱ መስመር የት እንደሆነ አወቃችሁ።

የሳህኑ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 በሃርቫርድ የፌደሪኮ ካፓሶ ቡድን ስስ ገጽ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ነገሮች ብርሃንን እንደፈለጉት ማጠፍ እንደሚችሉ አሳየ። የድምፅ ሰዎች ወዲያው ተከተሉ። በ2016 የቻይናው ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ትንንሽ የድምፅ ክፍሎችን በክብ ደርድሮ ተራ ድምፅ አስገብቶ ጥምዝ ድምፅ አወጣ። የተማሪዎቼ ቪዲዮ ላይ ያለው ሳህን የዚህ ዘር ነው።

ታዲያ ሳህኑ እንዴት ነው የሚጠመዝዘው? ሞተር አለው?

ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም የለውም። ሥራው ማዘግየት ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ሜታሰርፌስ» ብሎ ስላከበደው ነው እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሞራ ቢሄደው በጣም ያጥራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው በመሃል ያለው የሀረጎ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ቁልቁለቱን ለመውረድ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። ሁለት መኪኖች በእኩል ፍጥነት ቢሄዱ፣ አንዱ በቀጥታ አንዱ በሀረጎ፣ የሀረጎው ዘግይቶ ይደርሳል። ሳህኑ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች እንዲህ የታጠፉ ናቸው። ድምፁ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ መንገዱ ነው የሚረዝምበት።

በቁጥር እንየው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል ብለን እንያዝ። ድምፁ 3,400 ሄርዝ ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር ነው። ሳህኑን እንደ ዳቦ ቁራሽ ስምንት ቦታ ከፈልነው፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ከጎረቤቱ የሞገዱን አንድ ስምንተኛ ማዘግየት አለበት። ያ 1.25 ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያው ቁራሽ ምንም አይጨምር፤ ሁለተኛው 1.25፣ ሦስተኛው 2.5፣ እያለ ስምንተኛው 8.75 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ሳህኑ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ የስምንተኛው ቁራሽ መተላለፊያ 13.75 ሴንቲሜትር ሆኖ በዚያች 5 ሴንቲሜትር ውስጥ ተጣጥፎ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ ወገን እኩል የገባው ድምፅ ከሌላው ወገን ደረጃ በደረጃ ዘግይቶ ይወጣል። ጥምዝ ሆነ ማለት ነው። የጥምዘት ቁጥሩ 1።

ሌላው ዘዴ ማጠፍ ሳይሆን ክፍል መሥራት ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ባዶ ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ የምትሰሙት እሱን ነው። እንዲህ ያሉ ክፍሎችን በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ብትደረድሩ፣ የሚያልፈውን ድምፅ ያዘገዩታል። የክፍሉን ስፋት በመቀያየር የመዘግየቱን መጠን ትመርጣላችሁ። የናንጂንጎቹ በዚህ ነው የሠሩት።

ሕጉ አንድ ነው። እያንዳንዱ መተላለፊያ ከሞገዱ ርዝመት በጣም ያነሰ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ቢበዛ ከግማሹ በታች። ካልሆነ ድምፁ ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ያያቸውና በየአቅጣጫው ይበተናል። በጣም ከጠበበም ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ ግድግዳው ላይ ይፋተግና ድምፁ በየመንገዱ ይቀራል። ፊቱ ላይም ነጥሮ የሚመለስ አለ። የንድፍ ድካሙ ያለው እነዚህን ሁሉ ማስታረቅ ላይ ነው።

አንድ ሳህን አንድ ጥምዘት ብቻ ነው የሚሰጠው?

አዎ፣ ግን መደራረብ ይቻላል። አሪፉ ነገር ይሄ ነው። የጥምዘት ቁጥሮች ይደመራሉ። ቁጥር 1 ሳህን ያለፈ ድምፅ ሌላ ቁጥር 1 ሳህን ውስጥ ቢያልፍ 2 ይሆናል። ሁለተኛውን ሳህን ገልብጣችሁ፣ ማለትም አዟዟሩን ተቃራኒ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት፣ 1 ሲቀነስ 1፣ ድምፁ ይፈታል። መሃል ላይ የነበረው ዝምታ ጠፍቶ ድምፅ ይመጣል።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ላይ የተላኩ የተለያየ ጥምዘት ያላቸው ድምፆች አሉ። ተቀባዩ ጋ ቁጥር 2ን የሚፈታ ሳህን ብታስቀምጡ፣ መሃል ላይ የሚሰማው ቁጥር 2 የነበረው ብቻ ነው። የቀሩት መሃላቸው ዝም እንዳለ ነው። መልእክት ለመለየት የሚጠቀሙበት በዚህ መንገድ ነው።

የደሴ ከፍታ ነገሩን አይለውጠውም?

ይሄን የጠየቀችኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄው ጥሩ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ግን የድምፅ ፍጥነት በአየሩ መሳሳት አይለወጥም። ግፊቱ ሲቀንስ ክብደቱም አብሮ ስለሚቀንስ ይተካካሳሉ። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀት ነው።

ደሴ ጠዋት 10 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ከሆነ 346 ሜትር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ደሴ ጠዋት ለ3,400 ሄርዝ ለክታችሁ የሠራችሁት ሳህን ኮምቦልቻ ቀትር ላይ በትክክል የሚሠራው 3,490 ሄርዝ አካባቢ ነው። ለተራ ሙከራ አያሳስብም። በጣም ጠባብ የድምፅ ክልል ላይ ለተቃኘ ሳህን ግን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

የጎረቤቴን ሞንታርቦ ዝም ያሰኝልኛል?

በዚህ ዓመት በብዛት የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። አጭሩ መልስ፣ አያሰኝልህም።

ረጅሙ መልስ። እንቅልፍ የሚነሳችሁ የዘፋኙ ድምፅ ሳይሆን ቤዙ ነው። 60 ሄርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 5.7 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳና መስኮት ብዙም አያስቆመውም። በማጠፍ ብቻ የሚሠራ ሳህን ለዚህ ድምፅ ቢሠራ ቁም ሳጥን ያክላል። ሌላ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። በ2016 ዮንግ ሊና ባድረዲን አሱዋር 1 ሴንቲሜትር ከምናምን ውፍረት ባለው ገጽ 125 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ችለዋል። የተጣጠፈ ክፍል ከጀርባው፣ ትንሽ ቀዳዳ ከፊቱ። ታምር ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። ችግሩ፣ የሚያስቀረው ያንን ድምፅና ጥቂት ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። ቤዝ ጊታሩ ሌላ ኖታ ሲነካ ሳህኑ ምንም አያውቅም።

ለሰርግ እኔ የምጠቀመው ዘዴ አለ፤ እሱም የማዘግየት ሥራ ነው። ሁለት ቤዝ ሞንታርቦ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፣ በ1.4 ሜትር ርቀት አቆማለሁ። የኋላውን ገመድ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ 4 ሚሊ ሰከንድ አዘገየዋለሁ። ወደ ድንኳኑ ያለው ቤዝ ይደማመራል። ወደ ጎረቤት የሚሄደው እርስ በርሱ ይጣፋል። በደንብ ሲስተካከል ከኋላ ቆሞ ማውራት ይቻላል። ጎረቤታችሁ ድምፅ የሚያከራይ ሰው ከሆነ ይሄን አሳዩት፤ ከፖሊስ ቀድሞ መፍትሔ ይሆናል።

በነገራችን ላይ «ጥምዝ ድምፅ ሰርጋችን ላይ ይሁንልን» ያላችሁኝም አላችሁ። ሙሽሮቹ መሃል ከተቀመጡ ሙዚቃውን የማይሰሙት እነሱ ብቻ ይሆናሉ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰውስ?

እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ጫጫታ አለ።

አንዱ የአየር ማራገቢያና የጄኔሬተር ነው። ማራገቢያ ክንፎቹ በሚዞሩበት ፍጥነት የሚወሰን አንድ ጎልቶ የሚወጣ ድምፅ አለው። የተነደፈ ገጽ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። በ2019 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ሠሩ። በቀለበቱ ግድግዳ ውስጥ የተጠማዘዙ መተላለፊያዎች አሉ። ድምፁ ከፊሉ በመሃል ያልፋል፣ ከፊሉ በተጠማዘዘው ዞሮ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ከሚያልፈው ድምፅ 94 በመቶውን አስቀርተዋል፤ አየሩ ግን በመሃል እንደልቡ ያልፋል። ለማራገቢያ የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ድምፅን በስፖንጅ ማፈን ይቻላል፤ አየሩን ግን አብሮ ያፍነዋል።

ሌላው የሽመና ማሽን ነው። እሱ ምት ነው፤ ኳኳታ። ኳኳታ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ድምፅ አለ። አንድ ድምፅ ላይ የተቃኘ ሳህን እዚህ ምንም አይፈይድም። ይሄን የምለው ሰው «ሳይንስ ደረሰልን» ብሎ የጆሮ መሸፈኛውን እንዳይጥል ነው። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው ልክ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይወርዳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። አጠገባችሁ ያለ ሰው ካልጮኸ የማትሰሙት ከሆነ ልኩ አልፏል ብላችሁ ያዙት። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።

ዕቃ አየር ላይ አንጠልጥሎ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ትንንሽ ዕቃ። ድምፅ ግፊት ነው፤ ግፊት ይገፋል። ጥምዝ ድምፅ መሃሉ ዝም ስላለ፣ ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ፣ መሃል የገባ ቀላል ነገር እንደ ታጠረ ይቆማል።

መጀመሪያ ላይ ችግር ነበር። ጥምዝ ድምፅ የያዘውን ነገር ያሽከረክረዋል። ነገሩ ተለቅ ሲል እየፈጠነ ይሽከረከርና ተወርውሮ ይወጣል። በ2018 የብሪስቶሎቹ አሲየር ማርዞ፣ ሚሀይ ካሊፕና ብሩስ ድሪንክዋተር መላ አገኙ። ጥምዘቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በጣም ፈጥነው መቀያየር። ማሽከርከሩ ይጣፋል፣ አጥሩ ይቀራል። በ40 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የፎም ኳስ ያዙ። የ40 ኪሎ ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኳሱ ከሞገዱ ይበልጣል፤ ያ ነው አዲሱ ነገር።

ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ግን በ2020 የወጣው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ የመስታወት ኳሶችን ሕይወት ባላቸው አሳማዎች የሽንት ፊኛ ውስጥ አስገብተው፣ ከውጭ በጥምዝ አልትራሳውንድ ይዘው አነሷቸው፣ ወደፈለጉበት ወሰዷቸው። ያለ ቢላዋ። ሐሳቡ የኩላሊት ጠጠርን ከተቀመጠበት አንስቶ ወደ መውጫው ማድረስ ነው። ጠጠር ያለበት ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ሆኖም ሙከራው በአሳማ ላይ ነው። ሆስፒታል ስትሄዱ የሚያነሷችሁ አልትራሳውንድ ይሄ አይደለም፤ እሱ ምስል ብቻ ያሳያል። ሐኪማችሁ ያዘዘውን ተከተሉ፣ ውሃ ጠጡ።

ኔትወርክ ያፈጥናል የሚሉስ?

ውሃ ውስጥ ሬዲዮ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ሰርጓጅ መርከብና የባሕር መሣሪያ የሚነጋገረው በድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። በ2017 የበርክሌይ ተመራማሪዎች 64 ድምፅ ማውጫ በክብ ደርድረው ስምንት የተለያዩ ጥምዘቶችን በአንድ ጊዜ ላኩ። እያንዳንዱ ጥምዘት የራሱን መልእክት ይዟል። በሐሳብ ደረጃ አንድ መስመር ስምንት ሆነ ማለት ነው።

እኔ ግን እዚህ ላይ ብዙም አልሞቅም። ጥምዝ ድምፅ ርቆ ሲሄድ ይሰፋል። መሃሉም እየሰፋ ስለሚሄድ ተቀባዩ ትልቅ መሆን አለበት። ላኪና ተቀባይ ደግሞ አንድ መስመር ላይ ልክክ ማለት አለባቸው። ማዕበል ያለበት ባሕር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ባልተወዛወዘበት ጠዋት፣ ይሠራ ይሆናል። ለስልክ ኔትወርክ ከሆነ ምንም ግንኙነት የለውም።

ከሚሽከረከር ነገር ድምፅ ጉልበት ይወስዳል የሚለውስ?

ያልተለመደ ነገር ለምትወዱ ነው ይሄ። በ1969 ሮጀር ፔንሮዝ ከሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ፣ ብላክ ሆል ከሚባለው የጠፈር አካል፣ ጉልበት ማውጣት ይቻላል አለ። በ1971 የሶቪየቱ ያኮቭ ዜልዶቪች ሐሳቡን ወደ ምድር አወረደው። ጥምዝ ሞገድ ከራሱ በፈጠነ የሚሽከረከር ነገር ላይ ቢያርፍ ተጎልብቶ ይመለሳል ብሎ ተነበየ። በብርሃን ለመሞከር ነገሩ በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበት ለአሥርት ዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ።

በድምፅ ግን ይቻላል፤ ድምፅ ቀርፋፋ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስፒከሮችን በክብ ደርድረው ጥምዝ ድምፅ ወደሚሽከረከር የፎም ዲስክ ላኩ። ዲስኩ ሲፈጥን ከጀርባው ያለው ማይክ የሚሰማው ድምፅ እየወፈረ ሄዶ ጆሮ ከሚሰማው በታች ወረደ። ዲስኩ ከሞገዱ ሲቀድም ድምፁ ተመልሶ ወጣ፤ እስከ 30 በመቶ ድረስ ጎልቶ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ድምፅ የሚያፍን ፎም ድምፅ ሲያጎላ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ይሄን ስናገር ከኋላ ወንበር እንኳን ስልክ ይዘጋል።

ቤት ልሞክረው እችላለሁ?

ያለ ሳህን በአራት ስፒከር ይቻላል። አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ትንንሽ ስፒከሮች፣ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር፣ ኮምፒውተር። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ግራ ቻናል ላይ 500 ሄርዝ ድምፅ ፍጠሩ። ቀኝ ቻናል ላይ ያንኑ ድምፅ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ አዘግዩት፤ የሞገዱ ሩብ ነው። ስፒከሮቹን መሬት ላይ በክብ አስቀምጡ፣ ሁሉም ወደ ሰማይ ይዩ። ከመሃል 25 ሴንቲሜትር ያህል ይራቁ። አንደኛውን ከግራ ቻናል፣ ሁለተኛውን ከቀኝ አገናኙ። ሦስተኛው ከአንደኛው ትይዩ ነው፤ እሱንም ከግራ ቻናል፣ ግን ገመዱን ገልብጣችሁ። አራተኛውን ከቀኝ፣ እንደዚሁ ገልብጣችሁ። ገመድ መገልበጥ ግማሽ ሞገድ እንደማዘግየት ነው። ስለዚህ በሁለት ቻናል አራት ደረጃ አገኛችሁ። እያንዳንዱ ስፒከር 8 ኦም ከሆነ ሁለቱ አንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ሲገቡ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም መሸከሙን ጀርባው ላይ አንብቡ።

አሁን ድምፅ የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ከፍታችሁ ስልኩን ከክቡ በላይ አዟዙሩት። መሃል ሲደርስ ቁጥሩ ይወርዳል። በዙሪያው ግን የትም ብትሄዱ ተቀራራቢ ነው። ከዚያ የቀኝ ቻናሉን መዘግየት አጥፉትና ድገሙት። ዝምታው ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ክቡን ለሁለት የሚከፍል ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ጥምዘቱ መኖር አለመኖሩን የምታረጋግጡት በዚህ ነው፤ መሃሉ ዝም ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጓሮ ላይ ሥሩት፣ ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ያበላሽባችኋል። ድምፁንም ዝቅ አድርጉት፤ የማያቋርጥ 500 ሄርዝ ጎረቤት ያጣላል።

የመመረቂያ ሥራ ላደርገው አስባለሁ፣ ከምን ልጀምር?

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ደሴ ያላችሁ፣ ስሪዲ ፕሪንተር ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ አትቁሙ። የውሃ ጎማ አለ። ለ1,000 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 34 ሴንቲሜትር ነው፤ አንድ ስምንተኛው 4.25። ስምንት ጎማ ቁረጡ፤ የመጀመሪያው 30 ሴንቲሜትር፣ ቀጣዩ 34.25፣ እያላችሁ እስከ 59.75። አንዱን ጫፋቸውን አንድ ስፒከር የታሸገበት ሳጥን ላይ ሰብስባችሁ ስኩ፣ ሌላውን ጫፍ እንጨት ላይ በክብ በቅደም ተከተል አስወጡ። ጎማው የራሱን ድምፅ እያስተጋባ ስሌቱን ያዛባል፤ አፉ ላይ ትንሽ ጥጥ ጣል ማድረግ ይረዳል። የተዛባውን ለክቶ ማብራራት ራሱ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ወደ አልትራሳውንድ መውረድ የፈለገ፣ አርዱይኖ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ኪት ውስጥ ያለው ርቀት መለኪያ ሁለት ክብ ዓይኖቹ በ40 ኪሎ ሄርዝ የሚሠሩ ናቸው። የመኪና ፓርኪንግ ሴንሰርም ዘመዱ ነው። ለስሌት ኮምሶል የሚባለው ፕሮግራም ውድ ነው፤ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ፓይተን ግን በነፃ ይገኛል፣ የስምንት ምንጭ ድምፅ መደመር በአንድ ከሰዓት ይጻፋል። አማካሪያችሁ «አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ከላይ ያለውን የሙቀት ጉዳይ አንሱ፤ አንዱን ሳህን ደሴና ኮምቦልቻ ወስዶ ማወዳደር በታክሲ የሚያልቅ ሙከራ ነው። ጎማውን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የክፍሉን ሙቀት ለክታችሁ ጻፉ።